ድንጋይ የወረወረብኝ ገበሬ

ከጎብዬ በተሳፈርንበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ያለው ወጣት የታቀፈውን ሄልሜት ነካ አደረጉ።

«ይሄ ለምንህ ነው ልጄ?»

«ለሞተር ውድድር ነው እማማ። ከአስፓልት ወጥተን አሸዋና ጠጠር ላይ ነው የምንነዳው። እሁድ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ማን አስተማረህ?»

«ራሴው። ለጀማሪ አሸዋ ይሻላል፣ ብትወድቅም አትጎዳም ሲሉኝ ክረምት ላይ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ገብቼ እለማመድ ነበር።»

«በክረምት ወንዝ ውስጥ? ኧረ አንተ ልጅ!»

«ሰማዩ ጥርት ያለ ነበራ። አንድ ገበሬ ከዳር ሆኖ ድንጋይ ይወረውርብኛል። ተናድጄ ልጣላው ወጣሁ።»

«ጎርፍ አይቶ ነዋ!»

«አዎ፣ ደጋው ዘንቦ ኖሯል። ሲጮህልኝ በሞተሩ ድምፅ አልሰማሁትም። እየሰደብኩት እያለሁ ጎርፉ ከኋላዬ ወንዙን ሞላው።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«‹አልሃምዱሊላህ፣ ወጣህልኝ› አለኝ። ስድቤን የሰማም አይመስል።»

«ዕድሜ ይስጠው!»

«አሜን። ይሄ እግሬ ስር ያለው ስኳር ለሱ ነው። እሱ ሳይመርቀኝ አልወዳደርም።»

እኔ ሮቢት መውረድ እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ ቆቦ ስንገባ ነው።