ለካደ ሰው ጸሎት

እኔ ብገረፍ ኖሮ ሳልክድ እቆይ ነበር? ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ደርግ ጸሎት ቤቶችን ባሸገበት ዘመን፣ ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ያገኘቻቸውን የጸሎት ቤቷን ሽማግሌ በሹክሹክታ ትለምን ነበር።

«ኦቦ ፈይሳ፣ ባሌ የሚያድር አይመስለኝም። መጥተው ይጸልዩለት።»

«እስር ቤት ‹አምላክ የለም› ብሎ አይደል የተፈታው?»

«ብሏል።»

«ጌታ የካደኝን እክደዋለሁ ብሏል፣ ልጄ።»

«እንግዲያው እሱ ይካደው! እርስዎ ማን ነዎት?»

«ቃሉን ነው የነገርኩሽ።»

«ሲገርፉት ሌላም ጠይቀውታል። ‹ፈይሳ የት ተደበቀ?› ብለውታል። እሱን አልተናገረም።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ።

«እስክንደርስ ይቆየናል?»

«እንጃ። ጠዋት ስወጣ አፉ ተይዞ ነበር።»

ጭኔ ላይ ከከፈትኩት መጽሐፍ አንድ መስመር ሳላነብ አምቦ ደረስን፤ ደርግ በወደቀ ሰሞን ለእህቴ እስክነግራትም ለማንም አልተነፈስኩም።