አየሁ፣ ሰማሁ፣ ይመስለኛል፦ የ«ፌርማታ» መሥራች የአቶ ኃይለ ልዑል ወልደ ኢየሱስ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሟች ቤተሰቦች፣ ከሰመራ፣ ከአሳይታ፣ ከአዋሽ አርባና ከጅቡቲ መንገድ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ይህን ዜና ሕይወት ማንበብ በወጉ የዘመድ ድርሻ ነበር። አቶ ኃይለ ልዑል ግን ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት ቤተሰባቸውን ሰብስበው፣ ጽሑፉን በኢንተርኔት የፖለቲካ መድረካቸው ላይ ለዓመታት ስከራከራቸው የኖርኩት እኔ የሰመራው ባለ ሆቴል ሀሰን እንዳነበው ተናዘዋል። ምክንያታቸውን ሲጠየቁም፣ ዘመድ ያነበበው ማር ይበዛበታል፣ ሀሰን ግን ለደንበኛው ሻይ እንኳ ስኳር የማያበዛ ሰው ነው ብለዋል። ይህን የሰማሁት ከባለቤታቸው ነው፤ ከማን እንደሰማሁ የምናገርበትንም ምክንያት ወደ ፊት ትረዱታላችሁ።

አቶ ኃይለ ልዑል ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ኢየሱስ ወንድምአገኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጊቱ ደምሴ ሰኔ 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። ወይዘሮ ሸጊቱ ልጃቸው የተወለዱት የድሬዳዋው ባቡር ሁለት ሰዓት ዘግይቶ በገባበት ቀን መሆኑን እስከ ዛሬ ይምላሉ፤ ባቡሩ በየቀኑ ይዘገይ ስለነበር ግን ነገሩ ለልደት ማስረጃ ሊሆን አልቻለም።

አባታቸው ሀዲድ ጠባቂ ስለነበሩ ልጅነታቸው በጣቢያው ደጃፍ አለፈ። ባቡር እስኪመጣ በግድግዳው ጥላ ሥር የሚያርፉ አፋሮች፣ የቸኮለውም ያልቸኮለውም፣ ገና እንደተገናኙ ዳጉ ይቀመጡ ነበር፤ አንዱ ከቤቱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በመንገዱ ያየውንና የሰማውን፣ ዝናብ የጣለበትን፣ ሣር ያለበትን፣ የሞተውንና የታረቀውን ሳይቀንስ ሳይጨምር ይናገራል፣ ሌላውም አዳምጦ በተራው ይነግራል። አንድ ቀን ከገዋኔ የመጣ ወጣት ጎርፍ ግመሎች ወሰደ ብሎ ሲያወራ፣ ሐመዱ የተባሉ ሽማግሌ «በዓይንህ ነው ወይስ በጆሮህ?» ብለው አቋረጡት፣ በጆሮዬ ነው ሲልም የማን አፍ እንደነገረው ሳይገልጽ አንዲት ቃል አላስቀጠሉትም። የዘጠኝ ዓመቱ ኃይለ ልዑል ይህን ሲያዩ የልጅ ልባቸው እንደተነካ ለእኔ ደጋግመው ነግረውኛል፣ ሽማግሌውንም እስከ መጨረሻው መምህሬ እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዋሽ፣ ሁለተኛ ደረጃውን የባቡር ሠራተኛ ልጅ በመሆናቸው በነፃ ቲኬት እየተመላለሱ በድሬዳዋ አጠናቀቁ። በ1975 ዓ.ም. በተወለዱበት ጣቢያ ቲኬት ሻጭ ሆነው ተቀጠሩ፣ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ደግሞ በ1985 ዓ.ም. አሳይታ በክልሉ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኑ፣ ዋና ከተማው ወደ ሰመራ ሲዛወርም ፋይሎቻቸውን ራሳቸው በመኪና ጭነው፣ በላያቸው ተቀምጠው ተጓዙ። በእሳቸው እጅ ያለፈ ደብዳቤ ጠፋ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በ1987 ዓ.ም. በአሳይታ ነርስ ከነበሩት ከወይዘሮ ንጋትወርቅ ጌጡ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ መሥርተው ራኬብንና ኑሀሚንን ወልደው፣ አስተምረውና ድረው ለቁም ነገር አብቅተዋል።

የድሮው ባቡር መመላለሱን ካቆመ በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ አቶ ኃይለ ልዑል ለዕረፍት ወደ አዋሽ መጥተው ሰው የሌለበትን ጣቢያ አዩ። ሰመራ እንደተመለሱ ከኢንተርኔት ቤት ባለቤቱ ከአቶ ታጁ ጋር ተማክረው «ፌርማታ» የተባለውን የፖለቲካ መወያያ መድረክ ከፈቱ፤ ባቡሩ መቆም ቢተው ሰው ቆሞ የሚነጋገርበት ቦታ አይጥፋ ማለታቸው ነበር። ጊዜው አንድ ገጽ እስኪከፈት አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅበት ነበር፣ ሰው ግን ጠበቀ።

ደንቡ ከሐመዱ ጥያቄ የተወለደ ነው። በፌርማታ የሚጽፍ ሁሉ በብዕር ስም መጻፍ ይችላል፤ ጽሑፉን ግን ከሦስት ቃላት በአንዱ መጀመር አለበት። በዓይኑ ያየውን «አየሁ» ይላል፣ ከሌላ የደረሰውን «ሰማሁ» ብሎ ከማን እንደሰማው ይጨምራል፣ የራሱን ሐሳብ «ይመስለኛል» ይላል፣ ሳያይ አየሁ ያለ ደግሞ አርባ ቀን ዝም ይላል። በመጀመሪያው ወር የአገሩ ሰው በሙሉ አየሁ ባይ ነበር፤ ምርጫውንም፣ የወደቡንም ድርድር፣ የሚኒስትሮቹንም ስብሰባ ሁሉም አይቶታል። አቶ ኃይለ ልዑል አንድ በአንድ በትሕትና ሲጠይቁ ከአሥሩ ዘጠኙ ወደ ሰማሁ ወረደ፣ በዓመቱም ጠረጴዛ ሲደበድብ የኖረው ተከራካሪ ሁሉ ይመስለኛል ማለትን ለመደ። ይህን አየሁ፣ ከለመዱትም አንዱ እኔ ነኝ።

እሳቸው «መዝገብ ቤት»፣ እኔ «ባቲ» በሚል ስም ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ስኳር ልማቱ መሬት፣ አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማ ስለ መራቁ ያልተከራከርንበት ነገር የለም። ምርጫ ያስተካክለዋል ሲሉ ንግድ ያስተካክለዋል እላለሁ፣ ንግድ ሲሉ ደግሞ እኔ ወደ ምርጫ እዞራለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ስንፋለም እሳቸው በየማለዳው እኔ ሆቴል ፉል ሲበሉ የኖሩ ደንበኛዬ መሆናቸውን አላወቅሁም። አንድ ቀን «አየሁ፤ ፉሉን በልቶ ሁለተኛ ዳቦ እየጠየቀ ስለ ገበያ መር ኢኮኖሚ የሚያስተምረኝ አንድ ደንበኛ አለኝ» ብዬ ብጽፍ፣ በማግስቱ መጥተው ሦስተኛ ዳቦ ጠየቁኝና በዚያው ተዋወቅን፤ ክርክሩ ግን ከዚያ ወዲህ ባሰ እንጂ አልበረደም።

አሁን የማነበውን ዘልዬው እንዳላልፍ አጥብቀው አዘዋል። በ2010 ዓ.ም. መንገዱ እየተዘጋ ይከፈት በነበረበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እኔ «ይመስለኛል፤ ዛሬ መንገዱ ሰላም ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ተቃወሙኝ። የዓመት ዕረፍት ወስደው እዚህ አዋሽ እናታቸው ቤት ነበሩ። ቀትር ላይ አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ከገዋኔ ደውለው መንገዱ ተዘግቷል አሏቸው። ሰውዬው በሠላሳ ዓመት ትውውቅ ዋሽተው የማያውቁ በመሆናቸው፣ እኔን መርታትም ስለጣማቸው፣ ሰማሁ ማለት የነበረባቸው ሰው «አየሁ፤ ገዋኔ ላይ መንገዱ ተዘግቷል» ብለው ጻፉ። የሆነው ግን ከብት እስኪሻገር መኪኖች ግማሽ ሰዓት መቆማቸው ብቻ ነበር። ከጅቡቲ ጭነው አዋሽ አርባ ወደሚገኘው ቤታቸው ይመለሱ የነበሩት ሾፌር አቶ በለጠ፣ ሌላ ሰው ቢጽፈው የማያምኑትን፣ መዝገብ ቤት አየሁ ካለማ እውነት ነው ብለው ከአስፋልቱ ወጥተው በጥርጊያው መንገድ ሲዞሩ መኪናቸው ተገለበጠ፣ የግራ ክንዳቸውንም አጡ።

አለማየታቸውን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ቢሉ ስማቸውም መድረኩም እንደታመነ ይቀጥላል፣ ቢናገሩ ስምንት ዓመት የለፉበት ፌርማታ የአገር መሳለቂያ ይሆናል፣ በመሥሪያ ቤታቸውም ማን እንደሆኑ ይታወቅና እንጀራቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። ሁለት ቀን እህል እንዳልቀመሱ ከወይዘሮ ንጋትወርቅ ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን «መዝገብ ቤት የምባለው እኔ ኃይለ ልዑል ወልደ ኢየሱስ ነኝ። አላየሁም፤ ሰምቼ ነው። በእኔ ቃል የአንድ ሰው ክንድ ሄዷል» ብለው ጻፉ፤ በፌርማታ ላይ እውነተኛ ስም ሲጻፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ወዲያው የመድረኩን የይለፍ ቃል ለእኔ ለተቃዋሚያቸው ልከው በራሳቸው ላይ አርባ ቀን ፈረዱ። በአምስተኛው ቀን ይበቃዎታል፣ ይመለሱ ብዬ ብደውል፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብለው ስልኩን ዘጉብኝ።

አቶ በለጠ ከሆስፒታል እንደወጡም ሦስት ሽማግሌ ይዘው አዋሽ አርባ ቤታቸው ሄዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ስለነበርኩ የሆነውን አየሁ። አቶ ኃይለ ልዑል በሩ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ቆሙ፤ አቶ በለጠም በቀረው እጃቸው ድንጋዩን ከትከሻቸው አውርደው፣ «ጋሼ፣ አየሁ ስላሉ አምኜ ነው የወጣሁት። ነገም የማምነው ቦታ ካላቆዩልኝ ክንዴ በከንቱ ሄደ ማለት ነው» አሏቸው። አቶ ኃይለ ልዑል አለቀሱ፣ እኔም ከማልቀስ አልቀረሁም።

በእነዚያ አርባ ቀናት ከመድረኩ አባላት ሲሶው ጥሎን ሄደ። ስድቡንም፣ ፌዙንም እያነበቡ አንዲት ቃል ሳይመልሱ ቆዩ፣ በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋትም «ሰማሁ፤ ከአቶ በለጠ፣ መንገዱ ሰላም ነው» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መንገድ የተጻፈ አየሁ ሁሉ አቶ በለጠ ለሾፌር ጓደኞቻቸው ደውለው ሳያጣሩት አይጸድቅም፤ በአንድ እጃቸው እየጻፉ እኛ በሁለት እጃችን ከምንጽፈው ይፈጥናሉ። መድረኩ ወደ ቴሌግራም ሲዛወር የሄዱት ተመልሰው፣ ያልነበሩትም ተጨምረው ዘጠኝ ሺህ ደረስን። ወሬ አገር ባቃጠለባቸው ዓመታት ከጋላፊ እስከ አዋሽ ያለ ሾፌር ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ፌርማታን ይከፍት እንደነበር አየሁ፣ በዚህም ኮርቻለሁ፤ ሳያይ መጻፉን ራሱ ያመነ ሰው የሚጠብቀው ቦታ ስለነበር ነው የታመነው።

የጸሐፊዎቹን እውነተኛ ስም ፈልገው አንድ ጊዜ ከአንድ ወገን፣ ሌላ ጊዜ ከተቃራኒው ወገን ሰዎች መጥተውባቸዋል። ለሁለቱም ወንበር ስበው፣ ሻይ አስመጥተው፣ በሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራቸው ሆን ብለው ሳይመዘግቡ የተዉት ነገር ይህ ብቻ መሆኑን ገልጸው ሸኟቸው። ዕድገታቸው በዚያ ምክንያት ቀርቶባቸዋል የሚባለውን ሰማሁ፣ ከባልደረቦቻቸው፤ እሳቸው ግን ስለ ነገሩ አንስተውልኝ አያውቁም።

በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ አዋሽ ተመለሱ። ቀድሞ የነበረባቸው የስኳር ሕመም ወደ ኩላሊታቸው ዘልቆ በአዳማና በአዲስ አበባ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ የጻፉትን ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል፤ «አየሁ፤ ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ ዝም ሲል። ሰማሁ፤ ከባለቤቴ፣ ትድናለህ ስትለኝ። ይመስለኛል፤ ሐኪሙ ነው ልክ፣ እሷን ግን ማመን ደስ ይለኛል።» አቶ ኃይለ ልዑል በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ንጋትወርቅን፣ ልጆቻቸውን ራኬብንና ኑሀሚንን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ልጅ ቀድሟቸው የሄደባቸውን እናታቸውን ወይዘሮ ሸጊቱን ትተው ሄደዋል። ከእነሱ ጋር «ጎማ ነፊ»ን፣ «የሚሌዋ»ን፣ «ሁለት ሻንጣ»ን፣ «ጨው ጫኝ»ንና ዛሬ በዚህ ግቢ የቆማችሁትን ሌሎቻችሁን ሁሉ ትተዋል። ማን ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ባውቅም አላነበውም። ፌርማታ ከዛሬ ጀምሮ አርባ ቀን ዝም ይላል፣ አርባቸው በወጣ ማግስት ጠዋት አቶ በለጠ ይከፍቱታል።

በመጨረሻም እንደ ደንቡ ማስረጃዬን ላቅርብ። ልደታቸውን ሰማሁ፣ ከእናታቸው፤ ትዳራቸውን ሰማሁ፣ ከባለቤታቸው። መሳሳታቸውን፣ ማመናቸውን፣ ራሳቸውን በዝምታ መቅጣታቸውን፣ ተመልሰውም መታመናቸውን አየሁ። ሞታቸውንም አየሁ፤ ይህን ብቻ ሰማሁ ማለት ቢቻለኝ በወደድኩ። ነፍሳቸው ያረፈችበትን ግን አላየሁም፣ ካየ ሰውም አልሰማሁም። ስለዚህ ይመስለኛል፤ በዚያኛው በር ላይ «በዓይንህ ነው ወይስ በጆሮህ?» ተብለው ቢጠየቁ ሳይዋሹ የሚመልሱ ሰው ናቸውና፣ በሩ ይከፈትላቸዋል። እናንተ በፍትሐቱ፣ እኛም በዱዓችን ይህችን ይመስለኛል አንድዬ እውነት እንዲያደርጋት እንለምነው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፣ ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። አሜን፤ አሚን።