ጤነኛ የተባሉት ዝምተኞች

ከጆሮ ሐኪሙ ክፍል ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር። ፕሮፌሰሯ እዚያ ባይቀመጡ ኖሮ ከልብስ ሰፊው ሽማግሌ ጋር የሚያገናኛቸው ጉዳይ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሐሳባቸውን መሰብሰብ የሚቸግራቸውን ሕፃናት ሲያጠኑ ኖረው፣ አሁን የገዛ ጆሯቸው ከድቷቸው ተራ ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ደግሞ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን አስመርምረው፣ አጠገባቸው አስቀምጠው የውጤት ወረቀት ይጠብቃሉ።

«ጆሮዋ ደህና ነው አሉኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ትሰማለች። እንግዲያው ስጠራት ዝም የምትለኝ ንቃኝ ነው።»

«ሲያዝዟትስ ምን ትላለች ጋሼ?»

«'እሺ' ነዋ! ሌላ ምን ታውቃለች? ቁልፍ፣ ነጭ ክርና መቀስ አምጪ እላታለሁ። 'እሺ አባባ' ብላ ትሮጣለች። ብጠብቅ ብጠብቅ የለችም። ሄጄ ሳይ በሩ ላይ ቆማ ጣሪያ ታያለች፣ እዚያ የሰቀለችው ዕቃ ያለ ይመስል! አስተማሪዋም 'ጨዋ ናት፣ ግን ልቧ የለም' ብላ ጽፋለች። ልብ በይ እያልኩ አፌ ደረቀ። አፌ ሲደርቅ ደግሞ...»

አልጨረሱትም። በልጅቷ ክንድ ላይ የጨርቅ መለኪያ እንጨት ስፋት ያለው ሰንበር ነበር፤ ፕሮፌሰሯ ቀሪውን ከዚያ ተረዱት።

«ከዚህ ወጥቼ ቀጥታ ትምህርት ቤቷ ነኝ» ቀጠሉ ሽማግሌው። «መልቀቂያዋን ወስጄ ከነገ ጀምሮ ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣታለሁ። መርፌው ያነቃታል።»

እዚህ ላይ መቆጣት ለተማረ ሰው ይቀናዋል። ፕሮፌሰሯ ግን ለጥናታቸው በየቤቱ ሲዞሩ ቁጣ በር እንደሚያዘጋ አይተዋልና ጠየቁ እንጂ አልተቆጡም።

«ሦስት ነገር ሲያዝዟት ትረሳለች። አንድ ብቻ ሲያዝዟትስ?»

«አንድማ... ታመጣለች። አብዛኛውን ጊዜ ታመጣለች።»

«የናቀ ሰው አንዱንስ ለምን ያመጣል?»

«ኧረ እትዬ፣ ጠበቃ ነዎት እንዴ? ታዲያ ዕድሜ ልኬን መቀስ፣ ቀጥሎ ክር፣ ቀጥሎ ቁልፍ እያልኩ ልቁጠርላት? እኛ ስናድግ ማን ቆጠረልን? በኩርኩም ነው ሰው የሆንነው።»

«ሰው ሳይሆኑ የቀሩትንስ ማን ቆጠራቸው?» አሉ ፕሮፌሰሯ። «የስፌት መኪናዎ ክሩ ሲላላ ይደበድቡታል?»

«መኪና 'እሺ' ብሎ አይዋሽም!»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሳቁ። ፕሮፌሰሯም ሳቁ፤ መልሱ ጥሩ ነበርና።

«አልዋሸችም ጋሼ። 'እሺ' ስትል ከልቧ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ትእዛዙ ከአእምሮዋ ይወጣል። እንዲህ ያሉ ልጆችን ነው ሳጠና የኖርኩት። እኔም እንደ እርስዎ ተሳስቼ ነበር።»

ቀጥሎ የነገሯቸው ለማንም ማውራት የሚከብዳቸውን ነገር ነው።

«በወጣትነቴ አስተማሪዎች የሚሞሉት መጠይቅ አዘጋጀሁ። ከወንበሩ ይነሳል ወይ? ይጮኻል ወይ? ጓደኞቹን ይረብሻል ወይ? ይኸው ነው። አንዲት እንደዚህች ዝምተኛ ልጅ መጣችልኝ፤ መልሱ ሁሉ 'የለም' ሆነ። 'ጤነኛ ናት፣ የጎደላት ትጋት ነው' ብዬ ፈረምኩ። አባቷ ፊርማዬን አምነው ከትምህርት አስወጧትና ልብስ ማጠቢያ ቤት አስቀጠሯት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ የመተኮሻው ማሽን ቀኝ እጇን በላው። ሆስፒታል ሄጄ ብጠይቃት፣ 'ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር፣ ይቅርታ' አለችኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ ጋሼ!»

ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ጣቶች ተመለከቱ። «ከዚያስ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የድሮ መጠይቆቼን ከካርቶን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩ። ባልደረቦቼ 'ስምሽን በገዛ እጅሽ አታጥፊ' አሉኝ። ጤነኛ ብዬ የሸኘኋቸው ዝምተኞች ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበሩ፤ የሚበዙት ሴቶች። ሃያ ዓመት ፈለግኳቸው። ያገኘኋቸው ስልሳ አይሞሉም። ላገኘኋቸውም ቢሆን ልጅነታቸውን መልሼ አልሰጠኋቸውም።»

ልብስ ሰፊው የተማረ ሰው ሲመክር እንጂ ተሳስቻለሁ ሲል ሰምተው አያውቁም። በዕውቀት የማይረታ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ባለ ነገር ይረታል።

«መልቀቂያው ይቅር» አሉ በመጨረሻ። «ምን ላድርግ?»

ፕሮፌሰሯ በዝርዝር አስረዷቸው። የሕፃናት አእምሮ ሐኪም ይያት፤ ከመስኮት ርቃ አስተማሪዋ ፊት ትቀመጥ፤ ሥራዋ አጠር አጠር እያለ ይሰጣት፣ የጨረሰችው ይመስገንላት፤ እንጨቱ ይቅር። «ፈጥና ባይሆንም ትማራለች። ቤትዎም ከጩኸት ያርፋል። ከሁሉም በላይ ራሷን ሰነፍ ነኝ ብላ ሳታምን ታድጋለች። ያን እምነት ከሰው ውስጥ ነቅሎ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን አላገኘሁም።»

ወረቀቱ መጣ። ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «ተነሽና ቦርሳሽን ያዥ፣ ጫማሽንም...» ብለው አቋረጡ። «ተነሽ» አሉ ብቻ።

ልጅቷ ተነሳች። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ጸጉሯን ሊዳብሱ እጃቸውን ቢያነሱ፣ ዐይኗን ጨፍና ፊቷን በሁለት ክንዷ ሸፈነች።

የተነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው ፕሮፌሰሯን ቀና ብለው አዩ። በመጨረሻ እጃቸውን ቀስ ብለው አውርደው ኪሳቸው ከተቱና፣ ክንዶቿ እስኪወርዱ ድረስ መተላለፊያው ላይ ቆመው ጠበቁ።