ያሳበጠው የእብጠት ክኒን

በእትዬ መሸኛ ላይ አንተ ተናገር ብላችሁ አቆማችሁኝ፤ ከየት እንደምጀምር ግን ግራ ገብቶኛል። እትዬ ሌላስ ወደዚህ የቆዳ ክሊኒክ የመጡ ዕለት እኔ ካርድ ክፍል ነበርኩ። ታካሚ መስለውኝ ወረፋ አስያዝኳቸው። እሳቸውም እቴ፣ ዝም ብለው ጠብቀው ተራቸው ሲደርስ ገቡ። ሐኪሙ፣ "ምን ሆነው ነው?" ቢላቸው፣ "ነርስ ሆኜ" አሉት።

"ሌላስ" የሚለውን ስም ያወጡላቸው ታካሚዎቹ ናቸው። አንዱ ታካሚ መላ አካላቱ ሽፍ ብሎ እያከከ ይገባል።

"ምን መድኃኒት ወሰድክ?"

"ምንም።"

"ሌላስ?"

"ምንም አልኩ እኮ!"

"ሌላስ?"

"ኧረ ለወገቤ አንዲት ማስታገሻ… እሱም መድኃኒት ሆነና ነው?"

ሳያናዝዙ አይለቁም። እኛንስ ቢሆን ሻይ እየጠጣን እጅጌያችንን ገልጠው ያዩን የለ? አትሳቁ፣ ያልታየ ካለ እጁን ያውጣ!

የእኔን ጉድ ደግሞ ታውቃላችሁ። ይቺው እዚህ የተቀመጠችው ባለቤቴ ለጥርሷ ማስታገሻ በዋጠች ቁጥር ከንፈሯ ያብጣል። ሳሙናው ነው ብለን ጣልን። ድመቷን ለጎረቤት ሰጠን። አማቴማ በእኔ አመካኙ። በመጨረሻ እብጠት ያጠፋል የተባለ ሌላ ክኒን ገዝቼ አዋጥኳት። ያኔ ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ መተንፈስ አቃታት። ተሸክሜ እዚሁ አመጣኋት።

እትዬ ገና ከበር ሲያዩን ሐኪሙን ጮኸው ጠሩ። መርፌ ተወግታ ትንፋሿ ሲመለስ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ሰጠሃት?"

"የእብጠት ክኒን!"

"ለጥርሷስ የምትወስደው?"

ሁለቱንም ከኪሴ አወጣሁ። አገላብጠው አይተው፣ "ወንድማማቾች እኮ ናቸው! አንዱ ካልተስማማት ሌላውም ላይስማማት ይችላል" አሉኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እብጠት የሚያጠፋ ነገር እንዴት ያሳብጣል? ስንቴ አስረዱኝ! እሺ እሺ እላለሁ፣ ደጅ ስወጣ ይጠፋብኛል።

እትዬ፣ የገባኝ አንድ ነገር ነው። እርስዎ ባይኖሩ ልጆቼን ዛሬ ብቻዬን ነበር የማሳድገው። ይሄ በምን ቃል እንደሚመሰገን አላውቅም። ልደሰት ልዘን እሱንም አላውቅም። ብቻ ከልቤ እግዜር ይስጥልኝ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ የልጅ ልጅ ይዳሩ! ለእትዬ…

አንቺ ደግሞ ወዴት ነው? አልጨረስኩም እኮ። ተዉአት፣ ተዉአት፤ ትቀፋቸው። እሷ ከእኔ ይልቅ ታውቅበታለች።