ስለ ተቀደደው የመቃብር ፎቶግራፍ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አገርነሽ ወልደ ገብርኤል
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ ቀበሌ 04
ቀን፦ ኅዳር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ምስክሯ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ የተማሩ በመሆናቸው ቃላቸውን በእጃቸው ጽፈዋል።

ልጄ ዳኘው አምሐ መሞቱን የሰማሁት ሐምሌ 5 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የሚሠራበት ፋብሪካ ለማሽን ጥገና ትምህርት ወደ ደቡብ ኢጣልያ ልኮት ነበር። በኮረብታ ላይ በተሠራች አሮጌ ከተማ ሲኖር ታሞ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ አሉኝ። አስከሬኑ አይመጣም አሉኝ።

በመስከረም ወር የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ቢያዝን ያችን ከተማ ሊጎበኝ እንደሚሄድ ሰማሁ። እግሩ ላይ ወድቄ የልጄን መቃብር ፎቶግራፍ እንዲያነሣልኝ ለመንሁት። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ የዘገንሁትን አፈርም እንዲበትንበት በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠሁት። በጥቅምት መጀመሪያ ሲመለስ "እማማ፣ አደራዎን አድርሻለሁ" ብሎ መዳፍ የምታህል ፎቶግራፍ ሰጠኝ። ዓይኔ ደካማ ነው፤ ከመስቀሉና ከአበባው በቀር አልለየሁም። ከሥዕለ ማርያም ሥር አድርጌ ጠዋትና ማታ ስስመው ከረምሁ። ጎረቤትም እየመጣ ከሩቅ እየተሳለመ አለቀሰበት።

ትናንት እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በፋብሪካው አዳራሽ የጉብኝቱ ፎቶግራፍ ይታያል ተብሎ ሄድሁ። ጓድ ቢያዝን በድንጋይ ደረጃው ላይ፣ ጓድ ቢያዝን በአሮጌው በር ሥር፣ ጓድ ቢያዝን ብርጭቆ ይዞ። "ጸጥታዋ ልዩ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ የተኛ ይመስላል" እያለ ያስረዳል። በመጨረሻ ያው ለእኔ የሰጠኝ ፎቶግራፍ የልጄ መቃብር ተብሎ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። ድንጋዩ ላይ፣ በክብ መስተዋት ሥር፣ ሻሽ ያሰረች የፈረንጅ አሮጊት ምስል አየሁ።

"ይች ማን ናት?" አልሁት።

"እነሱ አገር የሟቹን መልክ መቃብሩ ላይ ይለጥፋሉ፣ እማማ" አለኝና ወዲያው ፎቶግራፉን በጀርባው ጋረደው።

ከኋላ አንዲት ሴት "ኧረ ዳኘው መቼ አሮጊት ሆነ?" አለች። የሳቀ የለም።

ጓድ ቢያዝን እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "አይቆጡ እማማ። እስከ መካነ መቃብሩ በር ደርሰን ነበር። የውጭ ሰው የተቀበረው ቁልቁለቱን ወርዶ ነው አሉን። ምሳ ተጋብዘን ስለ ነበር ከበሩ አጠገብ ያለውን አነሣን። መቃብር ያው መቃብር ነው" አለኝ።

"አፈሩስ?"

"ሆቴል ቀረ።"

ፊቱ ላይ ተፋሁ። ፎቶግራፉን ከግድግዳው አውርጄ የቀደድሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይጠየቅበት። በፎቶግራፉ ያለችውን ሴትዮ አልጠላኋትም፤ እሷ ምን አጠፋች። የምጸየፈው እሱን ነው። የያዘውን እጄን በአመድ አሽቼ ታጠብሁ፤ እስካሁን አልጠራልኝም።

የጻፍሁት ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው፤ አልጨመርሁበትም፣ የደበቅሁትም የለም። ቃሌን የሚቀበሉት አሥር አለቃ "ጸሎት በምስክር ቃል ውስጥ አይገባም" አሉኝ። ካልገባ አልፈርምም አልሁ። ይህን መዝገብ የምታነቡ ሁሉ፣ ልጄ የተኛበትን ከእኛ ወገን ያየ የለም። የክርስትና ስሙ ወልደ ሐዋርያት ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡልኝ። ሴትዮዋንም አስቧት፤ ስሟን አላውቅም።

የምስክር ፊርማ፦ አገርነሽ ወልደ ገብርኤል
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ዓምደ ሚካኤል (ፊርማ)