የሙሽሪት አግዳሚ ወንበር

የምስክር መጠሪያ፦ በሰፈሩ «መርፌ» በመባል የሚታወቁ ልብስ ሰፊ
ዕድሜ፦ 61
አድራሻ፦ ከመጠጥ መሸጫ ሱቁ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ስፌት ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ጉዳዩ፦ ወይን አምራች ለችርቻሮ ሱቅ ከደንብ ውጭ ሰጥቷል ስለተባለው መቀመጫ እና በሱቁ ውስጥ ያለ ፈቃድ ተካሂዷል ስለተባለው ማቅመስ

ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር በመርማሪው ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ባለሱቁንም ሆነ ወይን አምራቹን ሽማግሌ አውቃቸዋለሁ። ሽማግሌው የባለሱቁ አማት ናቸው። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም፤ የጥቅም ግንኙነትም የለኝም። ባለሱቁ ያገባት የሽማግሌው ልጅ ጓደኛዬ ነበረች፤ የሠርግ ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ «ሙሽሪት» እያለ ሲጠራት፣ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል።

በኤግዚቢትነት የተያዘውን አግዳሚ ወንበር መርማሪው አሳይቶኝ ለይቼዋለሁ። ሽማግሌው ለልጃቸው ሠርግ የሠሩት ነው። ሙሽሪት በተወለደች ዓመት ወይን የጠመቁበትን በርሜል አፍርሰው፣ እንጨቱን በገዛ እጃቸው ልገው አበጁት። የመጥመቂያቸው ስምና የወይን ዘለላ ምልክት በጋለ ብረት የተተኮሰበትን የመደገፊያ ጣውላ ግን አልላጉትም። ለምን እንደተዉት ስጠይቃቸው «እሱ የልጄ ዓመት ነው፤ አይነካም» ብለውኛል።

ወንበሩ ያኔ የገባው ወደ ሱቁ ሳይሆን ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መኖሪያ ቤታቸው ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ እኔና እሷ ሥራ ስንፈታ ከሰዓቱን እዚያ እናሳልፍ ነበር፤ እኔ ቁልፍ እየተከልኩ፣ እሷ ክር እያስገባችልኝ። ያን ጊዜ እንደሳቅሁት ከዚያ ወዲህ ስቄ አላውቅም። ያ በረንዳ ይናፍቀኛል። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢለኝም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ሽማግሌው በየቅዳሜው ወይናቸውን ለሱቁ አስረክበው ሲጨርሱ ወደ በረንዳው ዘልቀው፣ ለራሳቸውና ለልጃቸው አንድ አንድ ብርጭቆ ይቀዱ ነበር። ሙሽሪት የወይን ጠማቂ ልጅ፣ የወይን ሻጭ ሚስት ሆና ወይን አትወድም። ለአባቷ ስትል ከንፈሯን ታስነካና ፊታቸውን ዞር ሲያደርጉ ብርጭቆውን ለእኔ ታቀብለኛለች። «ለአባቴ ነግረሽብኝ ብትገኚ ወዮልሽ!» ትለኝ ነበር። እኔም አልነገርኩባትም።

በመጨረሻው ዓመቷ ታመመች። አልጋ ላይ መዋል ሰልችቷት ባሏን «ግድግዳ ከማይ ሰው ልይ» ብላ ለመነችው። እሱም ወንበሩን አንስቶ ሱቁ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አኖረላት። እኔ ትራስ ሰፋሁላት። ትራሱ መደገፊያውን ይሸፍናል፤ ይህም የከሳ ጀርባዋን እንጨቱ እንዳይቆረቁራት ነው እንጂ ምልክቱን ለመደበቅ አይደለም።

በዚያ ወቅት ለአባቷ ወይን ማስታወቂያ ትሠራ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ደንበኛ የአባቷን ጠርሙስ ሲያነሳ «ወንድሜ፣ እሱን ተወው፤ የአባቴ ነው፣ ፊትህን ያጨማድደዋል» ትል ነበር። ባለሱቁ «አንቺ ሴትዮ፣ ጦም ልታሳድሪን ነው እንዴ?» እያለ ይስቃል። እየሳቀ ያንኑ ጠርሙስ ገዝቶ የወጣ ሰው ነበር፤ እውነቱን ተናገሪ ስለተባልኩ ይህንንም እናገራለሁ።

ደንቡን አውቀዋለሁ። አምራች ለቸርቻሪ መደርደሪያም ሆነ ማቀዝቀዣ ወይም መቀመጫ መስጠት አይችልም፤ ሱቅ ውስጥ ለማቅመስም አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ደግ ሕግ ነው፣ አልጠላውም። ድሮ አንድ ትልቅ አምራች ለየሱቁ ማቀዝቀዣ እያደለ የሽማግሌውን ጠርሙስ ከየመደርደሪያው ያስወረደበትን ጊዜ አልረሳሁም። ሕጉ የወጣው እንደ እሳቸው ላለው ሰው ነበር። አሁን ዞሮ እሳቸውን ያዘ።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ትራሱን ለማጠብ ወስጄው ነበር። የንግድ ፈቃድ ተቆጣጣሪው የመጣው ምልክቱ ገሃድ ወጥቶ ባለበት በዚያው ቀን ነው። ሽማግሌው እንደወትሯቸው በወንበሩ ግራ ጫፍ ተቀምጠው ሁለት ብርጭቆ ቀድተዋል፤ አንዱን ከጎናቸው ባዶው ቦታ ላይ አኑረውታል። ልጃቸው ካረፈች ጀምሮ በየቅዳሜው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እኔ መንገዱን ተሻግሬ በሩ ላይ ስደርስ፣ ተቆጣጣሪው «አባት፣ ይሄን ለማን ነው የሚያቀምሱት?» ሲላቸው ሰማሁ። «ለልጄ» አሉት። «ልጅዎ የት ናቸው?» አለ። ባለሱቁ አንገቱን ደፋ።

ቀጥሎ «ይሄን ወንበር ለሱቁ የሰጠው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ቀና ብለው «እኔ ነኛ! በእጄ ነው የሠራሁት» አሉ። ባለሱቁን የንግድ ፈቃዱን ሊያሳጣው የደረሰው ይህ ቃል ነው። ሽማግሌው ይህን ያሉት እንደ አምራች ሳይሆን እንደ አባት ነው፤ የእጅ ሥራቸው ሲነሳ ኩራት ቀደማቸው። ወንበሩን የሰጡት ለልጃቸው ነው። ወደ ሱቁ ያስገባው ባሏ ነው፤ ያስገባውም ለታመመች ሚስቱ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጎናቸው ስለተገኘው ብርጭቆም ተጠይቄአለሁ። የምጠጣው እኔ ነኝ። ከቀብሯ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲያቀብሉኝ ላለመቀበል ባቅማማ፣ «ድሮስ የምትጠጪው አንቺ አልነበርሽ?» አሉኝ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ያውቁ ነበር። እንባዬ መጣ። ቦታዋ ላይ ግን ተቀምጬ አላውቅም፤ ቆሜ ነው የምጠጣው። ቀማሽ ተገኝቷል ከተባለ ቀማሿ እኔ ነኝ። ሆኖም እስከ ዛሬ የእሳቸውን ወይን አንድ ጠርሙስ እንኳ ገዝቼ አላውቅም። ሙሽሪት እውነቷን ነው፣ ፊት ያጨማድዳል።

ዛሬ ቃሌን ለመስጠት ስመጣ ወንበሩን የጣቢያው ኮሪደር ላይ፣ የኤግዚቢት ወረቀት ተለጥፎበት ባለጉዳይ ሲቀመጥበት አገኘሁት። ሽማግሌው በግራ ጫፉ ተቀምጠዋል። «አባባ፣ እርስዎን ደግሞ ማን ጠራዎት?» ስላቸው «ቅዳሜ አይደል እንዴ?» አሉኝ። አንድ ፖሊስ መጥቶ ከጎናቸው ሊቀመጥ ሲል እጃቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳርፈው «ሰው አለበት» አሉት። ፖሊሱም ይቅርታ ጠይቆ ቆመ። እኔም ከእሱ ጋር ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ።

የማውቀው ይህ ነው። መርማሪው አንብቦልኝ፣ ያልኩት ሳይጨመር ሳይቀነስ መስፈሩን ሰምቼ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ፍርድ ቤት ብጠራም የምለው ይህንኑ ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ፈርመዋል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሯ ታጥቦ የደረቀ አንድ ትራስ ይዘው መጥተዋል። ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት ትራሱ በኤግዚቢቱ ቀኝ ጫፍ፣ ባዶው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ባለጉዳዮች ሌላ ወንበር እንዲቀርብላቸው ታዟል።