የእንጨት ዓሣ ቀቢዎች እጅ

የሐይቁ ዳር ሰው ሽማግሌውን «አታላዩ» እያለ ይጠራቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ሰው አጭበርብረው አይደለም፤ በመላ ዕድሜያቸው ያታለሉት ዓሣ ብቻ ነው። ከለስላሳ እንጨት ጣት የሚያህል ዓሣ ይጠርባሉ፣ ሆዱን ቦርቡረው እንዲከብድ የቀለጠ እርሳስ ያፈሱበታል፣ ቀለም ይቀቡታል፣ መንጠቆ ያንጠለጥሉበታል። ትልቁ ዓሣ ምሳዬ ነው ብሎ ሲውጠው እሱ ራሱ የሰው ምሳ ይሆናል።

አንድ ቀን ጠዋት ቀይ ቀለም አልቆባቸው ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ወረዱ። ባለሱቁ አልነበረም። ከጠረጴዛው ኋላ የቆመችው በኬሚስትሪ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ የአባቷን ሱቅ የምትጠብቅ ሴት ልጁ ናት። ሽማግሌው አንድ ቀጭን ብሩሽ አነሡ፤ እንደ ልማዳቸው ጫፉን በከንፈራቸው አሹለው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«መሹል አለመሹሉን እያየሁ ነዋ።»

«በአፍ?»

«ታዲያ በጆሮዬ ልየው?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ዓይኗ ያረፈው ብሩሹን በያዘው እጃቸው ላይ ነበር። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ታጥፎ፣ ውሃ እንደጠማው ቅጠል ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ብሩሹን ወደ ብርሃን ያነሡት በግራ እጃቸው ከሥር ደግፈው ነው።

«ቀለም ሲቀቡም እንዲህ ይልሱታል?»

«ለእያንዳንዱ ዓይን። የዓሣ ዓይን ባልሾለ ብሩሽ አይወጣም። በይ ያንን የድሮውን ቀይ ስጪኝ፤ ብረት እንዳይዝግ የሚቀባውን። አባትሽ ከጓሮ ሁለት ጣሳ እንደቀረው አውቃለሁ።»

«አልሸጥልዎትም።»

ሽማግሌው በዕድሜያቸው ብዙ ነጋዴ አይተዋል፤ አልሸጥም የሚል ግን ገጥሟቸው አያውቅም።

«ምን በድዬሽ ነው ልጄ?»

«እኔንማ ምንም አልበደሉኝም። የሚበድሉት ራስዎን ነው። ያ ቀለም እርሳስ አለበት። እርሳስ መርዝ ነው።»

«እርሳስማ በየቀኑ አቀልጣለሁ! ከአሮጌ ባትሪ አውጥቼ፣ እዚያው ወጥ ቤት ምድጃው ላይ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«አርባ ዓመት ልሼዋለሁ» አሉ ሽማግሌው፤ «ይኸው አልሞትኩም።»

«እርስዎ አልሞቱም። እጅዎ ግን እየሞተ ነው።»

እውነት በትዕግሥት ካልተነገረ ከስድብ አይለይም። ይህች ልጅ እውነቱ ነበራት፤ ትዕግሥቱን ግን ዩኒቨርሲቲው አላስተማራትም። ሽማግሌው ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ እሳቸው ፈገግ አሉ። የታጠፈውን እጃቸውን ኒሻን እንደሚያሳይ ሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይኼ በሽታ መሰለሽ? ይኼ የባለሙያ እጅ ነው። አባቴም አጎቴም እንዲህ ነበሩ። በእኛ ዘር እጁ ያልታጠፈ ቀቢ ገና ተማሪ ነው። የእኔ መታጠፍ የጀመረ ዕለት አባቴ ሳቁ፤ ብሩሻቸውንም አስረከቡኝ።»

«እና በዚህ የባለሙያ እጅ ዛሬ በቀን ስንት ዓይን ይሥላሉ?»

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ዓይን እንኳ አልሣሉም። መደርደሪያቸው ላይ ዓይን የሌላቸው ዓሣዎች ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ። ዓሣ አጥማጆቹ እየተመላለሱ «የእኛ ዕውሮች አልበራላቸውም?» እያሉ መቀለድ ጀምረዋል። ከዚህ እጅ ሌላ ሙያ የላቸውም።

«ሥራዬን ሳታዪ አትፍረጂ» አሉ በመጨረሻ። «ነይና እዪው።»

አባቷ ሲመለስ ልጅቷ ከሱቁ ጥቂት ዕቃ በከረጢት ይዛ ተከተለቻቸው። ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ወጥ ቤቱም የሥራ ቤቱም አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ ሥር ቀለም የጠገበ ጠረጴዛ፣ ከጎኑ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ግራጫ ቅርፊት የያዘች ትንሽ ድስት።

«ያቺ ድስት የእኔ ነበረች» አሉ የሽማግሌው ባለቤት ለእንግዳዋ ወንበር እየሳቡ። «ከእሱ ጋር ከኮበለለች አሥር ዓመቷ ነው።»

«ዝም በይ እስቲ። ልጅቷ መርዝ ነው ልትል ነው የመጣችው።»

«ሐኪም ዘንድ ሄደዋል?» አለች ልጅቷ።

«ሄጄ ነበር። የሚታሽ ቅባት ሰጠኝ።»

«ሥራዎን ጠይቆዎታል?»

«ጠይቆኛል። ዓሣ ነው የምሠራ አልኩት።»

«ዓሣ አጥማጅ መስሎት ብርድና ውሃ አታብዛ ብሎ መለሰው» አሉ ሚስትየው። «እሱ ለመታጠብ እንኳ ውሃ አይነካም!»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁም ምላሷን አለዘበው።

«እርሳስ በትንፋሽም በአፍም ይገባል፣ ቶሎ አይወጣም፣ ይከማቻል። እጅን የሚያነሣውን ጡንቻ የሚያዝዘውን ነርቭ ያደክማል።»

«ታዲያ ግራዬን ለምን ተወው? መርዝ ቀኝና ግራ ይለያል?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ልጅቷ፤ ከልቧ ነው ያለችው። «ብዙ የሚሠራውን እጅ ያስቀድማል። ግራዎም ተራውን እየጠበቀ ነው።»

«እኔ ግን የዘር ነው ባይ ነኝ። አባት፣ አጎት፣ እኔ። ከዘር ሌላ ምን ይባላል?»

«ከዘርዎ ቀለም የማይነካ አልነበረም?»

«ታላቅ ወንድሜ። ጠራቢ ነበር። የቀለሙ ሽታ ያስጠላዋል፣ ደጅ ተቀምጦ ነው የሚጠርብ።»

«የእሳቸውስ እጅ?»

«የእሱማ እጅ…» ሽማግሌው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

«በሰባ ዓመቱ ግንድ ይፈልጥ ነበር» አሉ ሚስትየው ቀስ ብለው። «የአንድ አባት የአንድ እናት ልጆች።»

ሽማግሌው ወንበር በእግራቸው ስበው ተቀመጡ። ክርክር የሚረታው ብዙ ጊዜ በተከራካሪው ቃል አይደለም፤ ተረቺው ከራሱ አፍ የሰማው ነገር ነው የሚጥለው።

«እጁ አልታጠፍ ሲል እንስቅበት ነበር» አሉ። «ሰነፍ ነው፣ ሙያው አልገባውም እንል ነበር። አባቴ አንድ ብሩሽ እንኳ ሳይሰጡት ሞቱ።»

ልጅቷ ዓይን የሌለው አንድ ዓሣ ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ለትንሽ ጊዜ ዝም ማለት ከዕውቀት ሁሉ የሚሻልበት ሰዓት እንዳለ ያን ዕለት የተማረች ይመስለኛል።

«እሺ» አሉ ሽማግሌው። «ብሩሹን ካላሾልኩ ዓይኑን በምን ልሥራው?»

«በምስማር።»

«ዓሣውን ልቸነክረው ነው?»

ልጅቷ ከከረጢቷ እርሳስ የሌለበት ቢጫ ቀለም አወጣች። የትልቅ ምስማር ራስ ነከር አድርጋ ከእንጨቱ ዓሣ ፊት ላይ አሳረፈችና አነሣችው። ድንቡል ያለ ክብ ቀረ። ሲደርቅ የትንሽ ምስማር ራስ በጥቁር ነክራ መሐሉ ላይ አሳረፈች። ዓሣው አፈጠጠባቸው።

«ወይ ጉድ» አሉ ሚስትየው፤ «አበዳሪ ይመስላል።»

ሽማግሌው ምስማሩን ተቀበሏት። በጭብጥ ያዙት። ምስማር ከላይ ወደ ታች መጫን እንጂ አንጓ ማንሣት አይጠይቅም። አንድ ዓይን፣ ሌላ ዓይን። እስኪመሽ ድረስ መደርደሪያው ላይ የነበሩት ሁሉ አዩ።

ለሆዱም ከእርሳስ ፋንታ ከሱቁ የመጣ ትንሽ የብረት ብሎን ዳዶ ተወሸቀበት። ልጅቷ ልትሄድ ስትል በቁራጭ ወረቀት ላይ «ቀለም ቀቢ ናቸው፤ ብሩሽ ይልሳሉ፤ እርሳስ ያቀልጣሉ፤ ደማቸው ይመርመር» ብላ ጽፋ ለሐኪሙ እንዲሰጡ አዘዘቻቸው። ምርመራውም ደማቸው ውስጥ እርሳስ አገኘ፤ ልጅቷን አላሳፈራትም።

ወራት አለፉ። ከሐይቁ ማዶ ያለው የአጎታቸው ልጅ፣ እሱም ቀቢ፣ እሱም እጁ የታጠፈ፣ ሊጠይቃቸው መጣ። ጠረጴዛው ከወጥ ቤት ወጥቶ ደጅ ጥላ ሥር ተተክሏል። አጠገቡ ውሃና ሳሙና አለ። የሽማግሌው እጅ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ግን ሁለት ጣት ያህል ቀና ብሏል።

«እጅህ ምን ሆነ?» አለ እንግዳው በሐዘን። «ሙያውን ተውከው እንዴ?»

ሽማግሌው አንድ በአንድ ነገሩት። ሆዳቸውን ይቆርጣቸው የነበረው መተዉን፣ እንቅልፋቸው መመለሱን፣ ሚስታቸው በአዲስ ድስት ያለ ሥጋት መቀቀላቸውን ተናገሩ። ድሮ ሦስት ዓይን በሚሣልበት ጊዜ ዛሬ በምስማር ሠላሳ እንደሚወጣና ዓሣውም ልዩነቱን አጣርቶ እንደማይነክስ ጨመሩ። አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በርጥብ ጨርቅ ማንሣት እንደሚሻልም አልረሱም።

እንግዳው የራሱን እጅ ሲያይ ቆየ።

«እንግዲያ አባቶቻችን ባለሙያ አልነበሩም ልትለኝ ነው?»

«ነበሩ እንጂ። እንደዚያ ታመው ያን ያህል ከሠሩ፣ በደህና እጅ ቢሆን ምን ሊሠሩ ነበር ነው የምልህ። እኛ በሽታቸውን ወረስን፤ ሙያቸው መሰለን።»

እንግዳው ከጠረጴዛው ላይ ምስማሩን አንሥቶ የምስማሩን ራስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«የምስማሩ ቁጥር ስንት ነው?» አለ።